ዘጠነኛው ጥያቄ

ታምፔሬ፣ ፊንላንድ
ጥቅምት 12 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅቱ፣

አካም ጅርታ? ጤናሽ፣ ቤትሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? ወንድምሽ መገርሳስ? የሱሉልታ ዘመዶቻችን ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንኩም፤ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። የአጎትሽ ልጅ ሆኜ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰበብ አልደረድርም።

ይህን የምታደርስልሽ ሩቲ ትባላለች። እዚህ ነርስነት ትማራለች፤ ቤተሰቦቿ አየር ጤና ናቸው፤ ለእረፍት መምጣቷ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ሃርድ ዲስክ ትሰጥሻለች። ውስጡ የምሠራበት ኩባንያ የሚያዘጋጀው ጌም አለ። ገና አልወጣም፤ ስም እንኳ አልወጣለትም። የኔ ሥራ ስህተቱን መልቀም ነው። ቀኑን ሙሉ እየተጫወትኩ በግድግዳ የሚያልፍ ሰው፣ የማይከፈት በር ካገኘሁ እመዘግባለሁ።

ጌሙ የሚያስፈራ ዓይነት ነው። መብራት የጠፋበት ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ብቻውን ቀርቷል። ሰባት ቀን በሕይወት መቆየት አለበት። ምግብና ውሃ ይፈልጋል፣ ይደበቃል። አንድ ረጅም ፍጡር ከቤት ቤት እየዞረ ይፈልገዋል። ፍጡሩ ዐይን የለውም፤ የሚያድነው በድምፅ ነው። ደረቱ ላይ መብራት አለው። ሲቀርብ ተጫዋቹ ትንፋሹን መያዝ አለበት።

እስካሁን ያስሞከሩት እዚሁ ባሉ ሰዎች ነው። ለአለቆቼ ቡራዩ ውስጥ ጌም ቤት ያላት እህት አለችኝ አልኳቸው፤ ደስ አላቸው። ልጆቹ ሲጫወቱ ተመልከቺልኝ። የት ሳቁ? የት ዘለሉ? የት ሰለቻቸው? በማንኛውም ብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ ላኪልኝ። ግን ለማንም እንዳይገለበጥ አደራ።

ከዚህ ሥራ ወደ ተሻለው ክፍል የመግባት ተስፋ አለኝ። ታሪኩን የሚጽፉት ሰዎች ክፍል ነው። ጸልይልኝ በዪልኝ ለመገርሳ። እግዚአብሔር ደጃችሁን ይጠብቅ።

ወንድምሽ ዲሪርሳ


ቡራዩ
ኅዳር 3 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዲሪርሳ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። እኔም መገርሳም ደህና ነን። የሱሉልታዎቹ ደህና ናቸው፤ ኦቦ ቦጂያ እግራቸውን ያማቸዋል፣ እህሉ ግን ጥሩ ይመስላል። የሁለት ዓመቱን ዝምታህን ትቼዋለሁ። መገርሳ አልተወውም። ሰላም ብሎሃል ስለው "አድራሻዬን ካወቀ ራሱ ይበለኝ" አለ። እሱ እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ አብራችሁ ነው ያደጋችሁት።

ሱቄ አንተ የምታውቀው ነው፤ ከፊት ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት፣ ከኋላ ጌም። የኳሱን ጌም ለሦስት ቀን አቁሜ ያንተን ከፈትኩ።

መጀመሪያ የተቀመጠው የሚኒባሱ ረዳት ወንዲ ነው። ገና ከመግቢያው፦

"ይኼ ሰውዬ ዘመድ የለውም እንዴ? ሰፈሩ ሁሉ ለቆ እሱ ለምን ቀረ?"

"ታሞ ይሆናል" አለች ካርድ የምትሸጠው ጂቱ።

"ታሞ ነው ጣሪያ ላይ የሚዘለው?"

ፍጡሩ ሲመጣ ወንዲ አልፈራም። ደረቱ ላይ መብራት አስሮ ከቤት ቤት ሲዞር አይቶ "ቆጣሪ አንባቢ!" አለ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም የለውም፤ ልጆቹ ሁሉ "ቆጣሪ አንባቢው መጣ" ነው የሚሉት።

እውነቱን ልንገርህ፤ ጌሙ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። እዚህ አንዱ ሲጫወት ዘጠኝ ሰው ከኋላው ቆሞ ይጮኻል። "በጓሮ! በጓሮ ግባ አንተ ደንቆሮ!" እየተባለ ማን ይፈራል? መብራቱ ሲጠፋ ደግሞ ማንም አይደነግጥም። ማክሰኞ ለት የእውነቱ መብራት ሄደና ግማሾቹ ጌሙ መስሏቸው ተቀምጠው ጠበቁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሼ ተድላ ጩኸቱን ሊቆጡ መጥተው አንድ ሰዓት ቆመው አዩ። "ይኼ ነው የሚያስፈራችሁ? እናንተ የቤት ካርታ ልታሳድሱ ሄዳችሁ አታውቁም" ብለው ወጡ።

ጂቱ ግን ከሁሉም በለጠች። ቁም ሳጥን ውስጥ ገብታ አርባ ደቂቃ አልተንቀሳቀሰችም። ልጆቹ ተሰላችተው "ውጪ እንጂ!" ሲሏት "እሱ ይውጣ፤ እኔ ቤቴ ነኝ" አለቻቸው። ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ ሄደ። ቀኑ አለፈላት።

መገርሳ አንዴ ሞከረና ተነሣ። እንደምታውቀው ጠዋት ጠዋት ሱሉልታ እየሄደ ይሮጣል። "የሮጠ ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። የሠሩት ሰዎች ሮጠው አያውቁም" አለ። ይህንንም ጽፌዋለሁ።

የተጫወተው አሥራ አንድ ሰው ነው። በብጣሽ ወረቀት ያልከኝን አልወደድኩትም። ውጭ አገር የሚሄድ ነገር ወግ አለው። ለእያንዳንዱ አንድ ቅጽ ተይቤ ስሙን እስከ አያት፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌና የቤት ቁጥሩን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን ሞልቼ አስፈርሜዋለሁ። የሱቁን ማህተም መትቻለሁ። ቅጂውን ፋይል አድርጌያለሁ።

ሁለት ጆይስቲክ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል፤ ወንዲ አንዱን ሰብሮታል። ፈጣሪ ያሰብከው ክፍል ያስገባህ።

እህትህ ወርቅቱ


ታምፔሬ
ኅዳር 21 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅቱ፣

እጅሽ ይባረክ። ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥሽ። ወረቀቶቹን ለአለቆቼ ስተረጉምላቸው ስብሰባው ሳቅ በሳቅ ሆነ። ማህተም ያለባቸውን ቅጾች ግድግዳ ላይ ለጥፈዋቸዋል። ጋሼ ተድላ ያሉትን ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኛል። የጂቱ ነገር የጌሙ ስህተት ነው፤ ፍጡሩ ቁም ሳጥኑን መክፈት ነበረበት። ወደፊት ይታረማል፤ ለጊዜው በያዛችሁት ቀጥሉ።

አሁን ሁለተኛ ዙር ይፈልጋሉ። ያው አሥራ አንዱ ሰዎች እንደገና ይጫወቱና እነዚህን ዘጠኝ ጥያቄዎች ይመልሱ። ለየብቻ ቢሆን ይመረጣል፤ ዘጠኝ ሰው ከኋላ ሳይጮህ።

ፍጡሩ ሲመጣ የት ተደበቅህ? በምን መታኸው? ከከተማው ለመውጣት የትኛውን መንገድ መረጥክ? እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል፤ ሙሉውን ለብቻ አያይዣለሁ። የመጨረሻው ላይ በደንብ እንዲያስቡበት ንገሪያቸው፤ "የሚያስፈራ ቦታ ወይም ነገር ጨምሩ ብትባል ምን ትጨምራለህ?" ነው የሚለው። አጭር መልስ አይሁን። እዚህ ያሉ ሰዎች ያላሰቡት ነገር እንፈልጋለን።

ጆይስቲኮቹን በፖስታ ልኬያለሁ። ለአሥራ አንዱም የፍጡሩ ሥዕል ያለበት ቲሸርት ይሰጣቸዋል ተብሏል። ለመገርሳ ለብቻው እጽፋለሁ፤ ቃሌ ነው።

ወሬ እሰማለሁ፤ በናንተ በኩል መንገድ ተዘግቷል ይላሉ። ደህና ናችሁ?

ዲሪርሳ


ቡራዩ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለዲሪርሳ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው።

በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ነገር ካለፈው ወር ጀምሮ ተማሪው ለተቃውሞ ወጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። እኔ ሱቄን አልዘጋሁም። ያልከኝን ሁለተኛ ዙር ልጆቹን አንድ በአንድ እያስገባሁ በአሥር ቀን ጨረስኩ። ሥራ ስላልነበራቸው ተረጋግተው ጻፉ። እንደ በፊቱ ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ፣ ማህተም። "ፊንላንድ" ብዬ በጻፍኩበት ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩት። መንገዱ ሲከፈት ልልክልህ ነበር።

የዛሬ ሳምንት ዓርብ የሰፈሩን ፎቶ ኮፒ ቤቶች ሁሉ ፈተሹ። በራሪ ወረቀት የሚባዛበትን ቤት ነበር የሚፈልጉት። እኔ ቤት በራሪ ወረቀት አላገኙም። ያንተን ፋይል አገኙ።

ወሰዱኝ። የጣቢያውን ስም አልጽፍልህም፤ የሰውየውንም። መርማሪው እልሃለሁ። ወደ አርባ ዓመት ይሆነዋል፤ አይጮህም። ወረቀቱን እያነበበ ጠየቀኝ።

"ቆጣሪ አንባቢ ማለት ማነው?"

"ጌም ላይ ያለ ነገር ነው።"

"'ቆጣሪ አንባቢውን ከኋላ በብረት መታሁት' ይላል ወንድወሰን የተባለው። የመንግሥት ሠራተኛ ነው የመታው?"

"ጌም ነው ጌታዬ።"

"'ከከተማ ለመውጣት በወንዙ በኩል ያለውን መንገድ መረጥኩ።' ይኼም ጌም ነው?"

"አዎ።"

"አሥራ አንድ ሰው። መታወቂያ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ማህተም። ለጌም ማን ማህተም ይመታል?"

ምን ልበለው? እውነቱን ነው። ለጌም ማንም ማህተም አይመታም። እኔ መታሁ።

ሁለት ቀን አቆይተው ለቀቁኝ። አሥራ አንዱን ግን በዚያው ዓርብ ከየቤታቸው ለቅመዋቸዋል። ቤታቸውን ለመፈለግ አልተቸገሩም፤ የቤት ቁጥሩን እኔ ጽፌዋለሁ። ጂቱን ከነካርዶቿ ነው የወሰዷት። መገርሳን ከሩጫ ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቁት። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ይህን የምነግርህ ስለማታውቅ አይደለም።

የወንዲ እናት ሱቄ ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሄደች።

ቲሸርቱን እንዳትልክ። ጆይስቲኩ አልደረሰም፤ ተወው። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ኩባንያህ "ይህ ጌም የኛ ነው፣ ጥያቄውን የላክነው እኛ ነን" ብሎ ይጻፍ፣ ይፈርም፣ ማህተም ያድርግበት። በፍጥነት። ስልክ አትደውል።

ወርቅቱ


ታምፔሬ
ጥር 2 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅቱ፣

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ የዛሬ ሳምንት ነው። የገና በዓል መሆኑን እንኳ ረስቼው ነበር።

የኩባንያውን ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ልኬልሻለሁ። እንዳልሽው አልሆነም። ጠበቃቸው አየው፤ ጌሙ ገና ስላልወጣ "ጌም" የሚለውን ቃል አወጣው። "ስማቸው የተዘረዘረው ሰዎች በምርት ግምገማ ተሳትፈዋል" ይላል። ሌላ ምንም አይልም። ተከራከርኩ። እኔ በውል የምሠራ ሰው ነኝ፤ የመኖሪያ ፈቃዴም ከውሉ ጋር የታሰረ ነው፤ ከዚያ በላይ መጮህ አልቻልኩም። አልቻልኩም ማለቱ ይከብዳል፤ አልጮህኩም።

ማህተም የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅም። ስጠይቃቸው ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባቸውም። ፊርማው የዳይሬክተሩ ነው፤ እዚህ ያ ይበቃል።

ቅጾቹን ከግድግዳው ላይ አንስቻቸዋለሁ።

መገርሳን አይተሽዋል? የሚበላ ይገባለታል? ምን እንደሚፈልግ ንገሪኝ።

ዲሪርሳ


ቡራዩ
ጥር 25 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለዲሪርሳ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን። ደብዳቤው ደርሷል። በዚያው ሰሞን ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ተብሎ በራዲዮ ተነገረ። ልጆቹ ይወጣሉ ብለን ተሰበሰብን። አልወጡም።

መርማሪው የኩባንያውን ወረቀት አገላብጦ አየው።

"ማህተሙ የታለ?"

"እነሱ ማህተም የላቸውም።"

"አንቺ የፎቶ ኮፒ ቤት ያለሽ ሴትዮ ማህተም አለሽ። ኩባንያው የለውም?" ወረቀቱን መለሰልኝ። "ጌም ነው አይደል የምትዪው? አምጪዋ።"

ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኜ ወሰድኩ። ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ተከልኩለት። አራት ቀን ተጫወተ፤ በየቀኑ ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት። አሥራ አንዱን ቅጽ በቀኙ፣ ቀይ እስክሪብቶ በግራው አድርጎ የልጆቹን መልስ ከጌሙ ጋር ማመሳከር ጀመረ።

የመጀመሪያ ስሜቱን ልንገርህ፤ የጠየቅከኝ እሱን አይደል። ሲገባ በፊት በር አይገባም፤ ቤቱን በጓሮ ዞሮ ነው። በር ሲከፍት መጀመሪያ ከበሩ ጀርባ ያያል። የሰው አልጋ ሲያገኝ ሥሩን ይፈትሻል። የሚደበቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። እንደ ቆጣሪ አንባቢው ነው የሚጫወተው። አንዴ ፍጡሩ ከኋላው ሲመጣበት ከነወንበሩ ዘለለ። በር ላይ የቆመው ፖሊስ ሳቀ። "ውጣ" አለው፤ ከዚያ በኋላ ብቻችንን ሆንን።

ጂቱ ቁም ሳጥን ውስጥ አርባ ደቂቃ ተደበቅሁ ብላ ጽፋለች። እሱም ገባ። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አርባ ደቂቃ ሁለታችንም ዝም ብለን የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጡን አየን። ፍጡሩ መጣ፣ ቆመ፣ ሄደ። ወረቀቷ ላይ ምልክት አደረገ። ጂቱ በዚያው ቀን ከሰዓት ወጣች። ያ ስህተት እንዳልታረመ ፈጣሪን አመስግን።

ወንዲ የመታበትን ብረት አገኘው፤ ወንዲ ወጣ። በወንዙ በኩል ያለውን መንገድ አገኘው፤ ሦስቱ ወጡ። ዘጠነኛውን ጥያቄ ከሁሉም ላይ ዝም ብሎ ነው ያለፈው። ጂቱ ጅብ ይጨመር ብላለች፤ ወንዲ ደግሞ ቆጣሪ አንባቢው ውዝፍ ሂሳብ ይጠይቅ ብሏል። በአራተኛው ቀን አሥሩ ወጥተው የመገርሳ ብቻ ቀረ። ስምንቱን አመሳክሮ ትክክል ብሎ ዘጠነኛው ላይ ቆመ። የጻፈውን እገለብጥልሃለሁ፦

"ጎህ ሲቀድ በባሕር ዛፍ መካከል የሚሮጥ ሰው ጨምሩ። ጭጋግ ይኑር። ከዛፎቹ ጀርባ መብራቱን ያጠፋ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሞተሩ ይሠራል። የኋላ ክዳኑ ተከፍቷል። ሰዎች ይጭናሉ። የሚጫኑትም ሰዎች ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም። ሯጩ ትንፋሹን መያዝ አይችልም፣ ሮጦ ስለመጣ። ቆጣሪ አንባቢ አያስፈልግም።"

"ይኼ የት አለ?" አለኝ መርማሪው።

"የለም። ጥያቄው ምን ይጨመር ነው የሚለው።"

"ለሌሎቹ አልጠየቅኩም፤ ለዚህ እጠይቃለሁ። ይጨመር ካለ ይጨመራላ። ፈረንጆቹ ጠይቀውት አይደል? ከጨመሩት ጌም ነው። ካልጨመሩት ሌላ ነገር ነው።"

እየቀለደ መሰለኝ። ፊቱን አየሁት፤ አልቀለደም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ከሌሎቹ ጋር ፋይል ውስጥ አልመለሰውም።

መገርሳን አንዴ አሳይተውኛል። ከስቷል። "ስለዚያ ነገር ለማን ተናግረሃል?" አልኩት። "ለማንም። ላንቺ ወረቀት ብቻ" አለኝ።

ዲሪርሳ፣ ይኼን ነገር አስጨምርልኝ። ራስህ እንደነገርከኝ በየጊዜው ይለወጣል፤ ስህተቱ ይታረማል፣ በር ይጨመራል። ባሕር ዛፉን፣ ጭጋጉን፣ መኪናውን እንዳለ አስገባው። ከዚህ ሌላ የምጠይቅህ የለም።

ወርቅቱ


ታምፔሬ
የካቲት 24 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለእትዬ ወርቅቱ፣

እንደምን አለሽ ብዬ መጠየቅ አፈርኩ።

ዲስኩን እንደገና የምትመጣው ሩቲ ይዛዋለች። ውስጡ አለ። በዋናው መግቢያ "አዲስ" የሚለውን ሲመርጥ በቀጥታ ወደ ጫካው ይገባል። ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፤ ሌላ ቅጂ የለውም።

ኩባንያው አልፈቀደም። የሠራችልኝ አይኖ የምትባል የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ዛፍና ቤት የምትሥል። ባሕር ዛፍ አይታ አታውቅም። ቅርፊቱ እንዴት እንደሚላጥ፣ ቅጠሉ እንዴት እንደሚንጠለጠል ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ፈጀ። የሯጩን ትንፋሽ የቀዳነው ከኔ ነው፤ የሕንፃውን ደረጃ ስድስት ጊዜ ሮጬ ወጥቼ። እንደ መገርሳ አይሆንም፣ ግን የሮጠ ሰው ትንፋሽ ነው። የሚጫኑትን ስትሠራ "ሥዕሉ ከየት የመጣ ነው?" አለችኝ። "ከአንድ ተጫዋች" አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም።

አሁን እዚያ ኩባንያ አልሠራም። ስለሱ ሌላ ጊዜ እናወራለን።

አንድ ነገር ግን ዛሬ ልንገርሽ። ከኩባንያው የተሰጡኝ ጥያቄዎች ስምንት ነበሩ። ዘጠነኛውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። የታሪክ ጸሐፊዎቹ ክፍል እንዲወስደኝ ፈልጌ ነበር። ከአገሬ የመጣ፣ እነሱ ያላሰቡት ፍርሃት ይዤ ብቀርብ ያዩኛል ብዬ አሰብኩ። መልሱ አጭር እንዳይሆን ያልኩሽም እኔ ነኝ።

የመገርሳን መልስ ደብዳቤሽ ላይ መጀመሪያ ሳነብ ጎበዝ ነው ብዬ አሰብኩ። ያየው ነገር መሆኑ የገባኝ ሁለተኛ ሳነብ ነው። ይህንንም እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ዲሪርሳ


ቡራዩ
መጋቢት 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለዲሪርሳ፣

ይህን ሩቲ በእጇ ታደርስሃለች። በፖስታ ቤት አላሳልፈውም።

ዲስኩን ይዤ ማክሰኞ ጠዋት ሄድኩ፤ ኮምፒውተሩ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እዚያው ቢሮው ነው። መርማሪው እንዳልረሳው ከአነሣሡ አወቅሁ። በሩን ራሱ ዘጋው። "ጨመሩት?" አለኝ። "ጨመሩት" አልኩት።

ተቀመጠ። ጫካው መጣ። ዲሪርሳ፣ ያቺ ልጅ ባሕር ዛፍ አይታ አታውቅም ያልከው እውነት ከሆነ እጇን ሳምልኝ። የሱሉልታ ጠዋት ነው። ጭጋጉ መሬት ላይ ነው ያለው፤ ከጉልበት በላይ የለም። ያንተን ትንፋሽ ሰማሁት።

መርማሪው እንደ ልማዱ ዙሪያውን አልዞረም። ቀጥ ብሎ ነው የሄደው፤ መንገዱን የሚያውቅ ሰው አካሄድ። የመጨረሻው ዛፍ ጋ ሲደርስ ቆመ። መኪናው አለ። ሞተሩ ይሰማል። ሰዎቹ ይጭናሉ። ቁልፉን ለቆ እጁን ጭኑ ላይ አደረገ። ጫኞቹ ጨርሰው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ፤ አንተ ታውቀዋለህ። ሦስት ጊዜ ሲጭኑ አየ።

"ሁለት ነበሩ" አለ።

"ምኑ?" አልኩት። ባልል ይሻል ነበር።

 ስክሪኑን ነበር የሚያየው። ከዚያ ራሱ የተናገረው ነገር የገባው መሰለኝ፤ አንገቱን አዙሮ እኔን አየ። ለብዙ ጊዜ አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ዲስኩን ነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ጨመረውና ቆለፈበት።

"ጌም ነው" አለ። "ወንድምሽ ነገ ይወጣል።"

መገርሳ ረቡዕ በአምስት ሰዓት ወጣ። ጫማውን አልመለሱለትም።  ቤት ገብቶ ታጥቦ እየበላ ሳለ "ምን ሰጥተሽ ነው ያስለቀቅሽኝ?" አለኝ። ነገርኩት። የሠራችሁትን፣ መርማሪው ያየውን፣ ያለውን።

"እኔ ያየሁት አንድ ነው" አለ።

"እሱ ሁለት አለ።"

እህል እንደያዘ እጁን አንጠልጥሎ ቆየ። ሌላኛው መኪና የት ቆሞ እንደነበር፣ ከጀርባው ይሁን ከፊቱ፣ ሲሮጥ አጠገቡ አልፎ ይሁን፣ ያን የሚያስብ መሰለኝ። በኋላ "ለምን ነገርሽኝ?" አለኝ። "ባትነግሪኝ እኮ ያየሁት እኔ ብቻ መስሎኝ እኖር ነበር። አሁን አንቺም ሰምተሻል፤ እሱም መስማትሽን ያውቃል።"

ሐሙስ ጠዋት ሄደ። የት እንደሄደ አልጽፍም። ሱሉልታ አይደለም። አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። ሱቁን ዘግቼ ብጠፋ ሁለታችንንም ይፈልጉናል፤ ከፍቼ ብቀመጥ ግን እኔን እያዩ እሱን ይረሱት ይሆናል። የዘጠነኛውን ጥያቄ ነገር ነግሬዋለሁ፤ እኔ ልደብቅልህ አልችልም። "የሆነው ሆነ፤ ትንፋሹ ግን የሮጠ ሰው ትንፋሽ ከሆነ ጥሩ ነው" አለ።  ይቅር ብሎሃል ብዬ አልዋሽህም፤ አላለም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩልህ ከአገር ውጭ ያለ አንድ ሰው እንዲያውቀው ነው። ለኔ መልስ አትጻፍ። እስክጽፍልህም አትጠብቅ።

ዓርብ ሱቁን ከፈትኩ። የኋላውን ክፍል ዘግቼዋለሁ፤ ከፊት ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። በአራት ሰዓት መርማሪው መጣ። መለዮ አልለበሰም። መታወቂያውን አውጥቶ "አንድ ኮፒ" አለኝ። አደረግሁለት። "ይሁን፣ አልቀበልም" ስለው ሂሳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቅዳሜም መጥቶ ያንኑ መታወቂያ ኮፒ አስደረገ። ሰኞም።

ዛሬ "ሌላ የሚባዛ ነገር አለዎት?" ብዬ ጠየቅሁት።

"የለኝም" አለ። "ነገም እመጣለሁ።"

ወርቅቱ